ጣፋጭ አተላ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ውስጥ የመኪና ማቆሚያውን ጠመቃ ቤት ያደረገ አንድ ወዳጃችን አለ። መኪናው ውጭ በረዶ ይመታዋል፤ ድስቱና ቴርሞሜትሩ ጣሪያ ሥር ናቸው። ጂሚ ካርተር እ.ኤ.አ. በ1978 የፈረሙት ሕግ በቤት ቢራ መጥመቅን ፈቅዶለታል። ሚስቱ እስካሁን አልፈረመችም።

በሃይድሮሜትር (የፈሳሽ እፍጋት መለኪያ) ውሃ 1.000 ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው ነጥብ ባብዛኛው ስኳር ነው። አንድ ኪሎ ብቅል በአንድ ሊትር ቢሰላ 300 ነጥብ ግድም ስኳር ሊሰጥ ይችላል። ወዳጃችን የዘፈዘፈው 5 ኪሎ 1500፣ ለ20 ሊትር ጠመቃው ሲካፈል 75፣ ማለትም 1.075። ብቅል ግን ያለውን ሁሉ አይሰጥም፤ የሚከተለው የጠመቃ መጽሐፍ 75 በመቶው ይወጣል ብሎ ስለገመተ 1.056 ይጠበቅ ነበር። የወዳጃችን ጠመቃ 1.030 አነበበ።

ብቅል ሻጩን ረገመ። ቀጥሎ የቧንቧውን ውሃ ረገመ። ቆይቶ መለኪያው ላይ በደቃቁ የተጻፈችውን «20 ዲግሪ» አያት፤ እሱ የነከረው ገና 60 ዲግሪ ላይ እያለ ነው። ትኩስ ፈሳሽ ስለሚሳሳ መለኪያው ጠልቆ ይሰምጣል፣ ቁጥሩም ያንሳል። ሲቀዘቅዝ 1.045 ሆነ፦ 60 በመቶ። ሻጩ ከግማሹ እርግማን ነጻ ወጣ።

ቀሪውን የፈቱት ከጎጃም ሊጠይቁት የመጡት እናቱ ናቸው። ከተጣራው ብቅል ቆንጠር አድርገው ቀመሱ።

«አንተ፣ ይሄ እኮ ማር ነው! አተላ እንዲህ ይጣፍጣል?»

ስኳሩ ተሠርቷል፣ ግን ታጥቦ አልወጣም። በመዳፋቸው ሲያሹት ደግሞ ያልተሰበረ ፍሬ አገኙ።

«ማን ነው የፈጨልህ?»

«ሱቁ ነው፣ እማዬ።»

«ሱቁማ ቸኩሏል።»

የራሱን ወፍጮ ገዛና የጥርሶቹን ክፍተት አጠበበ። ብቅሉ ክክ እንዲመስል ነው የሚፈለገው፤ ፍሬው ይሰነጠቅ፣ ገለባው አይድቀቅ። ማጥለያው ገለባው ነውና እንደ ሽሮ ከተፈጨ ድስቱ ይታፈናል። (አንዴ አሳፍኖ ሌሊቱን በማንኪያ ሲቆፍር አድሯል።) በ66 ዲግሪ አንድ ሰዓት ዘፍዝፎ፣ በ76 ዲግሪ ውሃ ሳይቸኩል አጠበው። 1.053 ወጣለት።

ሌሎች ጠማቂዎች «85 በመቶ ገባሁ» እያሉ ይፎክራሉ። የእሱ 70 ላይ ረግቷል፤ ለጠማቂ ደግሞ የረጋ 70 ከሚዋዥቅ 85 ይሻላል። የመጽሐፉን 75 በመቶ ለራሱ 70 አካፍሎ በ5 ኪሎ ያባዛል፤ 5 ኪሎ ከ360 ግራም ብቅል ይሰፍራል፣ 1.056 ያገኛል።

እናቱ ወደ አገር ቤት እስኪመለሱ የቆጫቸው ሌላ ነው፦ «ያ ሁሉ አተላ ሲደፋ! አንዲት ላም እንኳ የላችሁም?»