አምስት ስም፣ አንድ ሠሪ

የክፍልፋይ ሥልጠና በኦንላይን መጣ ሲባል ስታፍ ሩም ውስጥ መጀመሪያ የተነሣው ጥያቄ ስለ ክፍልፋይ አልነበረም።

«ሰርተፍኬት አለው?»

«አለው።»

«አበልስ?»

«ኦንላይን ነው እኮ!»

«አበሉም በኦንላይን ይምጣ። ቴሌብር ምን ሠርቶ ይብላ?»

አሠልጣኙ ቴሌግራም ላይ ብቅ ብሎ ሰላምታውን አወረደና ለማሟሟቂያ ጠየቀ፦ «ላዕሉ ባለበት ቆሞ ታህቱ እያደገ ሲሄድ ክፍልፋዩ ምን ይሆናል?»

አንዱ ሳይውል ሳያድር መለሰ፦ «ደመወዝ ይሆናል።»

አሠልጣኙ ልብ ሰጥቶት አለፈ። እሱም ደመወዝተኛ ነው። ከዚያ ዋናው መርዶ መጣ፦ «ማጠቃለያው የቡድን ፕሮጀክት ነው፤ አምስት አምስት ሆናችሁ ተቧደኑ።»

«አንድ ሥራ ለአምስት ሰው ሲካፈል ለእያንዳንዱ ስንት ይደርሰዋል?» አለ አንዱ የሒሳብ መምህር ጓደኛውን።

«አንድ አምስተኛ።»

«ይኸው! አንተስ ሥልጠናው ያስፈልግሃል። ለአንዷ አምስት አምስተኛ፣ ለአራታችን ስማችን።»

አንዷ ማን እንደሆነች ስታፉ ሁሉ ያውቃል። ላፕቶፕ ያላት ናት። የቡድን ሥራ ሕጉ የታወቀ ነው፦ ላፕቶፕ ያለው ይሠራል፣ ዳታ ያለው ይልካል፣ ሁለቱም የሌለው «በርቱ» ይላል።

ከመምህር ቤት ውጪ ላለ አንባቢ፦ ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ፣ በቤት ስሙ ተሙማ፣ መምህሩ በዓመት ቢያንስ 60 ሰዓት ሙያውን እንዲያድስ የሚጠይቅ አሠራር ነው። 60 ደግሞ ለክፍልፋይ የተባረከች ቁጥር ናት፤ በ2፣ በ3፣ በ4፣ በ5፣ በ6 ብትካፈል ቀሪ የላትም። የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ቀኑን 60 ኬክሮስ ብለው ከፍለው፣ ዓመቱን 365 ቀን ከ15 ኬክሮስ ከ6 ካልዒት ነው አሉ። 15 ከ60 ሩብ ነው። አራት ዓመት ሩብ ሩቡ ሲጠራቀም ጳጉሜን ስድስተኛ ቀኗን ታገኛለች።

«ይኼን ሁሉ ያለ ቴሌግራም ሠሩት?»

«ያለ ቴሌግራም።»

«ሰርተፍኬት ተሰጣቸው?»

«አልተሰጣቸውም።»

«ታዲያ ማን አመናቸው?»

ወደ ፕሮጀክታችን እንመለስ። የአንደኛው ቡድን ሥራ በማግስቱ ተጠናቆ ገባ። ሽፋን አለው፣ ምስጋና አለው፣ ማውጫ አለው። ሱፐርቫይዘሩ መነጽራቸውን አስተካክለው ማንበብ ጀመሩ፦ «ተማሪዎቻችንን ጣና ዳር ወስደን፣ በጀልባዎቹ ብዛት ክፍልፋይን አስተማርናቸው…»

ቀና አሉ። «እናንተ ድሬዳዋ አይደላችሁም እንዴ?»

«ነን፣ ጋሼ።»

«ጣናን ከየት አመጣችሁት?»

«ኦንላይን ነው፣ ጋሼ፤ ድንበር የለውም።»

ክፍልፋይ ለክፍልፋይ ሲካፈል ሕጉ «ገልብጠህ አባዛ» ነው። ቡድኑ ትምህርቱን ከሚገባው በላይ ተግብሮታል። ግን ተረቡን በሙሉ መምህሩ ላይ አልጭነውም። ገጽ ለሚቆጥር አሠልጣኝ ገጽ ይላክለታል፤ ሰው የተለካበትን ነው የሚሠራው። የክፍልፋይ መምህር ፕሮጀክት ፋይል ውስጥ ተፈልጎ አይገኝም። ያለው የተማሪ ደብተር ውስጥ፣ ያውም ኤክስ የተደረገበት ቦታ ላይ ነው።

ይኼን ያወቀችው ያቺው ላፕቶፕ ያላት መምህርት ናት። የአንድ ተማሪዋን ደብተር ፎቶ አንሥታ ግሩፑ ላይ ለጠፈች። በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ ሁለት ጊዜ የተሠመረበት፦ 1/2 + 1/3 = 2/5።

«ኤክስ አድርጊበት።»

«አድርጌ ነበር። በማግስቱም 2/5 አለኝ።»

«ሰነፍ ነው በይኛ!»

«ተወው፣ ሰነፍ አይደለም። ግማሽ እንጀራ በልቶ ሲሶ ጨምሮበት፣ ድምሩ ከግማሽ ካነሰበት፣ የኑሮ ውድነቱ ከሁላችንም ቀድሞ ገብቶታል።»

ተሳቀ። እሷ ግን ስቃ አልተወችም፤ ልጁን ጠርታ ጠየቀችው።

«ለምን እንዲህ ሠራህ?»

«ቲቸር፣ ትናንት ሁለት ሪጎሬ መትቼ አንዱን አገባሁ። ዛሬ ሦስት መትቼ አንዱን አገባሁ። ስንት መታሁ?»

«አምስት።»

«ስንት አገባሁ?»

«ሁለት።»

«ታዲያ ኤክሱ የማን ነው?»

እንዲህ ዓይነቱን ልጅ አርባ ገጽ አይመልሰውም። ልጁ ቆጠራው ላይ አልተሳሳተም፤ የቆጠረው ግን ሌላ ነገር ነው። የትናንቱ ግማሽ የሁለት ምት ግማሽ ነው፣ የዛሬው ሲሶ የሦስት ምት ሲሶ ነው፤ ሙሉው ተለዋውጧል። ግማሽና ሲሶ የሚደመሩት ከአንድ ድፎ ሲቆረሱ ነው። ድፎውን እኩል ስድስት ቦታ ብንቆርሰው ግማሹ ሦስት ቁራሽ፣ ሲሶው ሁለት ቁራሽ ይሆናል፤ አምስት ስድስተኛ። «ትንሹን የጋራ ብዜት ፈልግ» እያልን በዜማ የምናስጠናው 6 የመጣው ከዚሁ ድፎ ነው፤ ልጁ ግን ዜማውን እንጂ ድፎውን አይቶ አያውቅም።

«የእኛ አገር ትምህርት እኮ…» ብሎ ማማረር የጀመረ አንድ ባልደረባ ነበር። አላስጨረሱትም። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1978 በተደረገው ብሔራዊ ምዘና፣ የ13 ዓመት ልጆች 12/13 ሲደመር 7/8 ወደ የትኛው ይጠጋል ተባሉ፤ ምርጫው 1፣ 2፣ 19፣ 21 ነበር። ሁለቱም ቁጥሮች ለ1 ጥቂት የጎደላቸው ናቸው። 2 ያሉት ግን 24 በመቶ ብቻ ሲሆኑ፣ 19 ያሉትም 21 ያሉትም ከእነሱ በለጡ።

«ሁለት የማይሞላው ነገር 19 የገባው እንዴት ነው?»

«ወለዱ ነዋ!»

እዚያው አገር ኤ ኤንድ ደብሊው የተባለው ምግብ ቤት ከማክዶናልድስ ሩብ ፓውንድ በርገር ጋር ሊፎካከር ሲሶ ፓውንድ አቀረበ። የኩባንያው ባለቤት የነበረው አልፍሬድ ቶብማን በመጽሐፉ እንደተረከው፣ ደንበኛው «ለትንሹ ሥጋ ለምን እኩል እከፍላለሁ?» ብሎ አኮረፈ። 3 ከ4 ያንሳል ብሎ። ለባለመሬት ሲሶ መገበርና እርቦ መገበር ምን ያህል እንደሚራራቁ ያገራችን ጭሰኛ ሆዱ ያውቀው ነበር።

«ተማሪውን ተውትና መምህሩስ?» ለሚል ደግሞ ሊፒንግ ማ እ.ኤ.አ. በ1999 ያሳተመችው መጽሐፍ አለ። 1 3/4 ሲካፈል ለ1/2 ስንት ነው ተብለው ስሌቱን ከሞከሩት 21 አሜሪካውያን መምህራን በትክክል የጨረሱት 9 ናቸው፤ የተጠየቁት 72 ቻይናውያን ሁሉም አገኙት። ከባዱ ግን ቀጣዩ ጥያቄ ነበር፦ ለዚህ ስሌት የሚሆን ታሪክ ፍጠሩ። እስቲ እኛም ስታፍ ሩም ውስጥ እንሞክረው ተባለ።

«አንድ ኪሎ ከሦስት ሩብ ስኳር ለሁለት ጎረቤት አካፈልኩ።»

«ያማ ለ2 ማካፈል ነው። የተባለው ለግማሽ ነው።»

«ታዲያ ለግማሽ ጎረቤት ልስጥ?»

«ግማሽ ኪሎ በምትይዝ ከረጢት ስፈረው። ስንት ከረጢት ይወጣሃል?»

«ሦስት… ሦስት ተኩል።»

«ያው ነው። የሚገለበጠውም ለዚሁ ነው፤ በአንድ ኪሎ ውስጥ ሁለት ግማሽ አለ።»

«ሃያ ዓመት ስገለብጥ ኖሬ ዛሬ ገና ነገርሽኝ?»

«ሃያ ዓመት መቼ ጠየቅኸኝ?»

ከሥልጠናው ሁሉ የጠቀመው ይቺ ሰዓት ናት፤ ከ60ዎቹ ውስጥ ግን አልተቆጠረችም፤ ሊንክ የላትም።

የፕሮጀክቱ ማስረጃ ቪዲዮ እንዲሆን ስለተባለ መምህርቷ ድፎ ዳቦ ልትገዛ ተነሣች። አራቱ ስሞች እዚህ ላይ ነቁ።

«ግማሹን ሒሳብ እኔ እችላለሁ።»

«ሲሶውን እኔ።»

«የቀረችውን አንድ ስድስተኛ እኔ።»

አራተኛው «በርቱ» አለ።

ድፎው መጣ። ባለሪጎሬው ልጅ ራሱ ስድስት ቦታ ቆረሰው፤ ሦስቱን ወዲህ፣ ሁለቱን ወዲያ አድርጎ እያስረዳ ተቀረጸ። ኤክሱንም በገዛ እጁ ሰርዞ 5/6 ብሎ ጻፈበት። ቪዲዮው ለአሠልጣኙ መላክ ተጀመረ። እየተንፏቀቀ ሄደ፣ ሄደና 83 በመቶ ላይ ቀጥ አለ።

«ስንት ቀረው?» አሉ ሱፐርቫይዘሩ፣ ሰዓታቸውን እያዩ።

ልጁ ወደ ስልኩ አንጋጠጠ። «አንድ ቁራሽ ያህል፣ ጋሼ።»

«ቁራሿስ የታለች?»

«እሷ ደርሳለች» አለ፣ አፉን እየጠረገ።