«ማንም ሳይነካው»

የቤት ውስጥ የኤሌክትሪክ ዕቃዎች ጥገና ማለት፣ እንደ መዝገበ ቃላት ቢተረጎም፣ ሥራ ያቆመን ምጣድ፣ ፍሪጅ፣ ካውያ ወይም ስቶቭ መርምሮ ወደ ሥራው የመመለስ ሙያ ነው፤ ይሁንና ይህ ትርጓሜ ዕቃው ባለቤት ያለው መሆኑን ስለሚዘነጋ ጎደሎ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ጣርማ በርን አልፎ፣ ደብረ ሲናን ወርዶ፣ ሸዋ ሮቢትንም ተሻግሮ በሚገኘው በጀውሃ ይህን ሙያ ሊማር የተነሣ ወጣት፣ ከኤሌክትሪክ ሕግጋት ሁሉ አስቀድሞ ሊያጠናት የሚገባው አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች፤ እርሷም «ማንም ሳይነካው ዝም ብሎ ቆመ» የምትለው ናት። የታመመ ሰው ሐኪም ዘንድ ቀርቦ የሚያመውን በገዛ አፉ ይናገራል፤ ፍሪጅ ግን ሁልጊዜ የሚቀርበው በጠበቃ ነው፣ ጠበቃው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ተከሳሹ ራሱ ነው።

የቦታው ጠባይም ሥልጠናውን ያከብደዋል። ደጋ ላይ፣ ለምሳሌ ደብረ ብርሃን፣ ፍሪጅ የተበላሸበት ሰው ወጡን መስኮት አጠገብ አስቀምጦ ጠጋኙን ጥቂት ቀን መታገሥ ይችላል፤ እንዲያውም ፍሪጁ ከመስኮቱ በምን ይሻል እንደነበር ለማሰላሰል ፋታ ያገኛል። ጀውሃ ባለችበት በይፋት ቆላ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ እኩለ ቀን ላይ አውቶቡስ ቆሞ ላብ ያጠመቃቸው መንገደኞች ቀዝቃዛ ውኃ ሲጠይቁ፣ የቆመ ፍሪጅ ይዞ የተገኘ ባለሱቅ ለብ ያለ ውኃ ለጤና ያለውን ጥቅም ማስረዳት ስለማይሆንለት፣ ሠልጣኙን ከምሳ ማዕዱ ላይ ያስነሣዋል። ስለዚህ በዚህ አገር ጥገናን የሚማር ሰው እንደ አዋላጅ በማንኛውም ሰዓት ሊጠራ ይችላል፤ ልዩነቱ አዋላጅ ስትጠራ «አንቺ ነሽ ያበላሸሽው» የሚላት አለመኖሩ ነው።

መደበኛው ሥልጠና ሥርዓት ያለው ነገር ነው። በ2000 ዓ.ም. የወጣው አገር አቀፍ የቴክኒክና ሙያ ትምህርትና ሥልጠና ስትራቴጂ፣ ሠልጣኙ ስንት ዓመት ተማረ ከማለት ይልቅ ምን መሥራት ይችላል የሚለውን መለኪያ በማድረግ፣ ሙያዎችን በደረጃ ከፍሎ የብቃት ማረጋገጫ ምዘናን፣ ማለትም በሕዝቡ አንደበት ሲኦሲ የሚባለውን ፈተና፣ ከሥልጠናው ጋር አቆራኝቶታል። የምዘናው ውጤት ቁጥር ሳይሆን ቃል ነው፤ ያለፈው «ብቁ»፣ ያላለፈው «ገና ብቁ ያልሆነ» ይባላል፣ በዚህች «ገና» በምትባል ቃል ውስጥ ያለውን ርኅራኄ ከሌሎች ፈተናዎች የወደቁ ሁሉ ሊቀኑበት ይገባል። የምዘናው ጉድለት አንድ ብቻ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ይኸውም በፈተናው ጠረጴዛ ላይ የሚቀርበው ዕቃ ባለቤት የሌለው መሆኑ ነው።

በመማሪያ ክፍል የሚነገረውና በጥገና ሱቅ የሚነገረው ቋንቋም የተለያየ በመሆኑ፣ ሠልጣኙ ሳያውቀው የሁለት ቋንቋ ሊቅ ይሆናል። በመጽሐፉ ስክሩድራይቨር የተባለው መፍቻ በሱቁ ካቻቢቴ ነው፤ በመጽሐፉ ፕላየር የተባለው ፒንሳ፣ ሶኬት ውስጥ የሚሰካው ደግሞ ስፒና ነው። የጣርማ በርን ተራራ በዋሻ የበሳው ጣሊያን ከአምስት ዓመት ወረራ በኋላ ተሸንፎ ቢወጣም፣ በመሣሪያ ሣጥን ውስጥ ያለው የመኖሪያ ፈቃዱ እስከ ዛሬ አልተቃጠለም። ጀርመናዊው ጌዎርግ ኦም በ1827 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ሕግ፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ፍሰት ከግፊቱ ጋር እየጨመረ ከተቃውሞው ጋር ደግሞ እየቀነሰ የሚሄድ መሆኑን የሚያስረዳው፣ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሲጻፍ ሦስት ፊደል ብቻ ስለሆነ ሠልጣኙ ይንቀዋል፤ የሚያከብረው ምጣድ ሲገጥመው ነው።

ከዕቃዎች ሁሉ ዕውቀትን አብጠርጥሮ የሚፈትነው የኤሌክትሪክ ምጣድ ነውና በእርሱ ላይ መቆየት ተገቢ ነው። ከሸክላ የተሠራው ሰሌዳ ከሥሩ እየተጠማዘዘ የሚዞር ቦይ ይወጣለታል፤ በቦዩ ውስጥ ሬዚስታንስ የሚባለው፣ ማለትም የኤሌክትሪክን ፍሰት እየተቃወመ የሚግለው ጥምዝ ሽቦ ይቀበርና በላዩ ጀሶ ይመረግበታል። እንዲህ ያለው ምጣድ 3,500 ዋት ያህል ስለሚስብ በ220 ቮልት መስመር ላይ 16 አምፔር ገደማ ይወስዳል፤ ይህም ባለ 60 ዋት አምፖሎችን ከሃምሳ በላይ በአንድ ጊዜ እንደ ማብራት ነው። ይህን ሁሉ ጭነት ስልክ ለመሙላት በተገዛች ቀጭን ዲቫይደር ላይ የሰካ ቤተሰብ፣ ዲቫይደሯ ቀልጣ ከስፒናው ጋር ስትጣበቅ፣ ሠልጣኙን ጠርቶ የሚነግረው ያችኑ የታወቀችውን ዓረፍተ ነገር ነው።

ምጣዱ ምንም ሳይሆን የሚከሰስበትም ጊዜ አለ። ሁሉም ቤት በአንድ ሰዓት ሲጋግር የመስመሩ ግፊት ከ220 ወደ 180 ቮልት ቢወርድ፣ የቀነሰው ከአምስት እጅ አንድ እጅ እንኳ የማይሞላ ቢሆንም፣ ሙቀቱ የሚለካው ግፊቱ በራሱ ተባዝቶ ስለሆነ ምጣዱ የሚያጣው የሙቀቱን ሢሶ ነው፤ እንጀራውም ዓይን ሳያወጣ እንደ ቂጣ ይተኛል። የቤቱ እመቤት ጥፋቱን መጀመሪያ በእርሾው፣ ቀጥሎ በአብሲቱ፣ ከዚያም ጤፉን በማሽላ ቀላቅሏል በተባለው ነጋዴ ላይ ካሳለፉ በኋላ፣ በመጨረሻ «ልጄ፣ ይህ ምጣድ ቡዳ በልቶታል መሰለኝ» ብለው ሠልጣኙን ያስጠራሉ። እርሱም መልቲሜትሩን፣ ማለትም ግፊትንና ፍሰትን የሚለካውን መሣሪያ፣ ሶኬቱ ውስጥ አስገብቶ «እትዬ፣ ምጣዱ ደኅና ነው፤ መስመሩ ነው የደከመው፤ ጎረቤት ሲያበቃ ይጋግሩ» ሲል፣ ምክሩ ከሁሉ የተሻለ ጥገና ሆኖ ሳለ አንድ ብር አያስገኝለትም። ዕቃ ሳይፈታ ገንዘብ የተቀበለ ጠጋኝ በጀውሃ ታሪክ ገና አልተመዘገበም።

የሙያው ታላቅ ግፍ ግን የሚታየው ሽቦው ሲበጠስ ነው። ትክክለኛው መፍትሔ በልኩ አዲስ ሽቦ መተካት ሲሆን፣ ቀላሉ መንገድ የተቃጠለውን ቁራጭ ጥሎ የቀረውን እየሳቡ መቀጠል ነው። የሽቦ ተቃውሞ ከርዝመቱ ጋር አብሮ ስለሚቀንስ፣ አንድ አሥረኛው የተቆረጠለት ሽቦ ከቀድሞው አሥራ አንድ በመቶ ያህል የበለጠ ይግላል፤ ስለዚህ በቸልታ የተጠገነው ምጣድ በማግሥቱ እንደ እሳት ይነድዳል፣ እመቤቲቱም ከአዲሱ ይልቅ አሻለው ብለው ጠጋኙን በቡና ላይ ሲመርቁት ይውላሉ። ከሳምንታት በኋላ ያ ሽቦ ከመጠን በላይ ግሎ እንደገና ሲበጠስ ምርቃቱ አስቀድሞ ተሰጥቷልና አይመለስም። በአንጻሩ በልኩ አዲስ ሽቦ ያስገባው ጠንቃቃ ሠልጣኝ «እንደ እገሌ አያግለውም» የሚል ስም ያተርፋል። በዚህ ሙያ ምስጋና ከጥፋት ቀድሞ የሚደርስ በመሆኑ፣ ስሙን ለመገንባት የሚቸኩል ሰው ምን መሥራት እንዳለበት በጣም ግልጽ ነው።

ፍሪጅን በሚመለከት፣ ሠልጣኙ በቅድሚያ መርሳት ያለበት ፍሪጅ ብርድ ይሠራል የሚለውን እምነት ነው። ፍሪጅ ሙቀት ተሸካሚ ነው፤ ኮምፕረሰር የሚባለው መጭመቂያ ጋዙን እየገፋ በቀጭን ቧንቧ ያዞረዋል፣ ጋዙም ከውስጥ የለቀመውን ሙቀት አውጥቶ በጀርባ በኩል ባሉት ጥቁር ሽቦ መሰል ቱቦዎች ላይ ይጥለዋል። ተሸካሚው የሚያራግፍበት ቦታ ከሌለው ሸክሙ ከላዩ አይወርድም፤ ስለሆነም በቆላ ሙቀት ላይ ጀርባው ከግድግዳ ጋር የተጣበቀ፣ አናቱና ጎኑ ዳንቴል የለበሰ፣ ከላዩም ቴሌቪዥን የተጫነበት ፍሪጅ አይቀዘቅዝም ተብሎ ሲከሰስ፣ ግማሹ ጥገና ዕቃውን አንድ ክንድ ወደ ፊት መሳብ ነው። ይህም ቢሆን ገንዘብ አያስገኝም።

ባለንብረቶች ከሚያውቋቸው የፍሪጅ በሽታዎች ሁሉ እጅግ የተወደደው «ጋዙ አልቋል» የሚለው ነው። ጋዝ እንደ ላምባ እየነደደ የሚያልቅ ነገር አይደለም፤ በተዘጋ ቱቦ ውስጥ ለዓመታት የሚዞር በመሆኑ ጎደለ ማለት የሆነ ቦታ ተበስቷል ማለት ነው። ቀዳዳው ሲፈለግ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚገኘው በረዶ በሚቋጥረው ክፍል ግድግዳ ላይ ነው፤ መልኩ ጠባብና ሹል፣ ልኩም ከወጥ ቤቱ ቢላዋ ጫፍ ጋር የሚስማማ ነው፤ በረዶውን ፈልፍሎ ለማውጣት የቸኮለ አንድ ሰው እዚያ ደርሶ ነበር ማለት ነው። ሠልጣኙ ቀዳዳውን በጣቱ እያሳየ ባለቤቶቹን ቀና ብሎ ሲያይ፣ ማንም ሳይነካው መሆኑን ቤተሰቡ በአንድ ድምፅ ይመሰክራል፤ ቢላዋው ብቻ ዝም ይላል።

ጋዙ ራሱ ዘር ማንዘር አለው። አር 12 የሚባለው የፀሐይን ጎጂ ጨረር የሚጋርደውን የኦዞን ንጣፍ ስለሚያሳሳ በ1987 እ.ኤ.አ. ከተፈረመው የሞንትሪያል ስምምነት በኋላ እየቀረ ሄዶ በአር 134ኤ ተተካ፤ በአዳዲሶቹ ፍሪጆች ደግሞ አር 600ኤ፣ ማለትም ለማብሰያ ከምንጠቀምበት ጋዝ ጋር የሥጋ ዝምድና ያለው አይሶቡቴን፣ ይሞላል። ይህ የኋለኛው ተቀጣጣይ በመሆኑ፣ ከዕቃው ጀርባ የተለጠፈውን ጽሑፍ ሳያነብ የብየዳ እሳት የሚለኩስ ሠልጣኝ ቅንድቡን ይዞ ወደ ቤቱ ላይመለስ ይችላል።

የአማርኛ ቋንቋ ኤሌክትሪክን እንደ እንግዳ የሚቆጥር መሆኑም ለፍሪጅ ጠንቅ ሆኗል፤ መብራት «ይሄዳል»፣ መብራት «ይመጣል»። በመጣ ጊዜ የሰፈሩ ሕፃናት «መጣ!» ብለው በአንድነት ይጮኻሉ፣ እንግዳውም ገና ወንበር ሳይስብ ምጣዱ፣ ስቶቩ፣ ፍሪጁና ቴሌቪዥኑ በአንድ ትንፋሽ ይሰኩበታል። መብራት በሄደ ጊዜ በኮምፕረሰሩ ውስጥ ተጨምቆ የቀረው ጋዝ ግፊቱ ተመጣጥኖ እስኪረጋጋ ድረስ አምስት ደቂቃ ያህል ቢጠበቅለት መልካም ነው፤ ሳይጠበቅለት ሲነሣ ሞተሩ ይታገላል፣ መከላከያው ቀጭ ብሎ ያጠፋዋል፣ ደግሞ ይነሣል፣ ደግሞ ይጠፋል፣ አንድ ቀን ግን ሳይነሣ ይቀራል። መብራት በሄደ ጊዜ ስፒናውን ነቅላችሁ ቆዩ የሚለውን ምክር ሠልጣኙ በየቤቱ ይሰጣል፤ የሚሰማው ግን ኮምፕረሰር አንድ ጊዜ ገዝቶ ያየ ብቻ ነው።

ንዝረትን በተመለከተ የሕዝቡ መፍትሔ ከመጽሐፉ ይቀድማል። አካሉ ብረት የሆነ ዕቃ ከመሬት መስመር ጋር፣ ማለትም ያመለጠውን ኤሌክትሪክ ወደ አፈር ከሚያወርደው ሦስተኛ ሽቦ ጋር፣ ካልተገናኘ፣ ኤሌክትሪክ ባመለጠበት ጊዜ የነካውን ሁሉ ይነዝራል፤ መጽሐፉ መስመሩን ዘርጋ ይላል፣ ቤቱ ግን «ሲሊፐር ሳታደርጉ እንዳትከፍቱት» የሚል ሕግ አውጥቶ ለዓመታት በሰላም ይኖርበታል።

ዳግማዊ ምኒልክ፣ በቤተ መንግሥታቸው የኤሌክትሪክ መብራት ያስበሩት ንጉሥ፣ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው እየሰደቡ ማዋረድን የሚከለክል አዋጅ አስነግረው ነበር። ዛሬ የፍሪጅ ጠጋኝን የሚሳደብ የለም፤ እንዲያውም ገና ደረጃ ሁለትን ያልጨረሰው ልጅ በየደጃፉ «ኢንጂነር» እየተባለ ይጠራል። ይሁን እንጂ ጥርጣሬው መልኩን ቀይሮ ተቀምጧል፤ ጠጋኙ ደህናውን ዕቃ አውጥቶ አሮጌ እንዳይተካበት ተብሎ፣ ካቻቢቴው ከሣጥኑ እንደ ወጣ አንድ ሕፃን «አጠገቡ ቁጭ በል፣ ዓይንህን እንዳትነቅል» ተብሎ ይሾማል። ሕፃኑ ኮምፕረሰርን ከድንች የማይለይ ቢሆንም ሥራውን በትጋት ይፈጽማል፤ ከጠባቂነቱ የተነሣም፣ በጸሐፊው ግምት፣ ቀጣዩ የጀውሃ ሠልጣኝ እርሱ ነው። ሒሳብ ሲደርስ «የወንድሜ ልጅ አይደለህም እንዴ?» የሚል ጥያቄ ይነሣል፤ በትንሽ ከተማ ደግሞ ሁሉም ሰው የሁሉም ሰው የወንድም ልጅ ነው።

ሥልጠናው በቂ ዕቃ ስለማያገኝ ልምምዱ የሚካሄደው በገዛ ቤት ንብረት ላይ ነው፤ የመጀመሪያው ሰለባም ካውያ ነው። በካውያ ሆድ ውስጥ ሁለት የተለያዩ ብረቶች ጀርባ ለጀርባ የተጣበቁበት ልሳን አለ፤ ሲሞቁ አንዱ ከሌላው አብልጦ ስለሚረዝም ልሳኑ ይጎብጥና መስመሩን ይቆርጣል፣ ሲበርድ ተመልሶ ይቀጥላል። ይህን ድንቅ ነገር በዓይኑ ለማየት የጓጓ ሠልጣኝ፣ ቤተሰቡ ገበያ በሄደበት ቅዳሜ፣ ካውያውን ፈትቶ አይቶና ተደንቆ መልሶ ከገጠመ በኋላ አንዲት ቡሎን ትተርፈዋለች፤ እርሷንም ኪሱ ውስጥ ይከታታል። በበዓል ዋዜማ እናቱ ነጠላቸውን ለመተኮስ ካውያውን ሰክተው ሲጠብቁት ሲጠብቁት አልግል ሲላቸው «አንተ ልጅ፣ ይህን ካውያ ምን አደረግኸው?» ብለው ይጠሩታል። ሠልጣኙም ኪሱ ውስጥ ያለችውን ቡሎን በጣቶቹ እያገላበጠ፣ ካውያውን በባለሙያ ዓይን አየት አድርጎ፣ «እኔ እንጃ እማዬ፤ ማንም ሳይነካው ዝም ብሎ የቆመ ይመስላል» ይላል።