ሱፍ ሶል በዋልካ ምድር

ወንዝ ውስጥ ቆሞ ዓሣ የሚያጠምድ ሰው ጫማ ሲመርጥ አስቀድሞ የሚያየው ሶሉን ነው። አልጌ የለበሰ ድንጋይ ቅቤ የተቀባ ያህል ያሙለጨልጫል፤ የጎማ ሶል ጥርሱ የቱንም ያህል ቢጠልቅ እዚያ ላይ ብዙ አያስተማምንም። ተጠቅጥቆ የተሠራ ሱፍ ግን የድንጋዩን ጉርብጥብጥ ተከትሎ ስለሚቀመጥ ይይዛል።

ሱፍ ሁለት ጠንቅ አለው። ቶሎ ስለማይደርቅ ደቃቅ አልጌ ከአንዱ ወንዝ ወደ ሌላው ያጓጉዛል፤ ኒውዚላንድ በ2008፣ አላስካ በ2012 እ.ኤ.አ. የከለከሉት በዚህ ዓይነቱ ስጋት ነው። ሁለተኛው ጠንቅ የታየው ደጀን ላይ ነው።

ከአዲስ አበባ 230 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፣ የዓባይን በረሃ ወርዶና ወጥቶ ደጀን የደረሰ አንድ አጥማጅ፣ ከጮቄ ተራራ ተነስቶ ዓባይ ወደሚገባው ሙጋ ወንዝ ለመውረድ ሱፍ ሶል ጫማውን ገና ከተማ ሳለ አጠለቀ። ወሩ መስከረም፣ መንገዱ የጤፍ ማሳ ዳር፣ አፈሩ ዋልካ። ሃያ እርምጃ ሳይሄድ በየእግሩ ምጣድ የሚያህል ጭቃ ተለጥፎ ቁመቱ በስንዝር ጨመረ። አረም የሚነቅሉ አዛውንት ቀና ብለው፣ “ጌታው፣ መሬታችንን ተሸክመው ወዴት ነው? ከወሰዱትስ ግብሩንም ይክፈሉልን እንጂ!” አሉት።

አዛውንቱ የተጫሙት ኮንጎ ነበር። ኮንጎ ቀዳዳ ስላለው የገባው ውሃ ይወጣል፣ ጭቃውም በአንድ እጥበት ይለቃል። ለወንዝ ከሚገባው ይልቅ የሚወጣው ውሃ ነው ቁም ነገሩ፤ ቦቲ ጫማ አንዴ በአፉ ከጠጣ እንስራ ነው። እርጥብ ድንጋይ ላይ ግን ኮንጎም ባለቤቱን አይምርም። ሌላው የአገሬው ጫማ፣ በረባሶ፣ ከአሮጌ የመኪና ጎማ ስለሚሠራ ጠንካራ ነው። ጣሊያናዊው ተራራ ወጪ ቪታሌ ብራማኒ ባለ ጥርሱን የቪብራም ሶል በ1937 እ.ኤ.አ. ሲያወጣ የደገፈው የጎማ አምራቹ ፒሬሊ ነበርና፣ ሁለቱ የሩቅ ዘመዳሞች ናቸው። ልዩነቱ የበረባሶ ጥርስ ጫማ ከመሆኑ በፊት አስፋልት ላይ ማለቁ ነው።

አጥማጁ ጭቃውን በቢላ ፍቆ፣ ጫማውን ትከሻው ላይ አንጠልጥሎ በባዶ እግሩ ሙጋ ደረሰ፤ እዚያ ሲያጠልቀው ሱፉ እንደተባለለት ድንጋዩን ያዘ። ሱፍ ሶል የሚጠለቀው ውሃው አፋፍ ላይ ነው፤ ከተመለሱም በኋላ ተቦርሾ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። በማግስቱ ግን ከቢላው የተረፈው ዋልካ ደርቆ ሸክላ ሆኖ ስለነበር፣ ከብሩሹ በፊት መዶሻ አስፈልጎታል።