ስድስት ሲባዛ በሁለት

ስሙኝማ። ባለፈው ጥቅምት አክስቴ ከዳባት ደወለችልኝ። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ከጀመረች ሁለተኛ ወሯ ነው። «እግሬን ጉንዳን ይወረኛል፤ ሐኪሙ ቫይታሚን ቢ 6 ጨምሪበት ብሎኛል፤ ከጎንደር ያዝልኝ» አለች። ቀላል መልእክት ነው። ቀላል መልእክት በማበላሸት ደግሞ የሚስተካከለኝ የለም።

ፒያሳ መድኃኒት ቤት ስገባ መደርደሪያው ላይ ቢ 12 አየሁ። ሰይጣን ሒሳብ ያስተማረኝ ያኔ ነው፦ ስድስት ደግ ከሆነ ዐሥራ ሁለት እጥፍ ደግ ነው፤ ለአክስት ደግሞ አይቆጠብም። ገዛሁ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ነበር፤ እኔ ግን አምባ ጊዮርጊስ እስክንደርስ ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡትን ሽማግሌ ስለ ቫይታሚን ሳስተምር ነበር።

ዳባት ስደርስ ዘጠነኛ ክፍል የምትማረው የአክስቴ የልጅ ልጅ ማሸጊያውን አነበበች፤ አያቷን አየች፤ እኔን አየች። «ጋሼ፣ ይኼ ሌላ ነው።» አክስቴ «ስድስት ነበር ያልኩህ» አለች፤ አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ለመንገድ ብላ የገብስ ቆሎ ኪሴ ሞላችልኝ።

በማግስቱ እዚያው መድኃኒት ቤት፤ ወረፋው እስከ በር። «ስድስትና ዐሥራ ሁለት እኮ ዘመድ አይደሉም አባቴ» ስትል ባለሙያዋ፣ ከኋላዬ ሳቁ ፈነዳ። እንግዲህ ያስረዳችኝን ልንገራችሁ። አይሶኒያዚድ የሚባለው የቲቢ መድኃኒት ቢ 6ን ይዞ ከሰውነት ይወጣል፤ ነርቭ ሲጎዳ እግር ይነዝራል። የቲቢ ባክቴሪያዋም ብትሆን ያለ ቢ 6 አትኖርም፤ አላኒን የተባለውን አሚኖ አሲድ ገልብጦ ለግድግዳዋ የሚያዘጋጀው ኢንዛይም ያለ ቢ 6 እጀታ የሌለው ማጭድ ነው። መድኃኒት ለተላመደ ቲቢ የሚሰጠው ሳይክሎሰሪን የሚይዘው ያንን እጀታ ነው። ደግሞ ሳይክሎሰሪንን የሚሠራው የአፈር ባክቴሪያ ነው፤ ከሚሠራባቸው ኢንዛይሞች አንዱም ያው ቢ 6 ይፈልጋል። ጎረቤትን በገዛ ማጭዱ!

እ.ኤ.አ. ከ1954 ጀምሮ የጤና ባለሙያ ስታሠለጥን በኖረች ከተማ ሸምግዬ፣ ይህን የምሰማው ሰልፍ እየሳቀብኝ ነው። ቶሎ ከፍዬ ልጥፋ ብዬ ኪሴን ስጎትት ቆሎው ወለሉ ላይ ተዘረገፈ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔም በሰው ጫማ መካከል ተንበርክኬ ለቀምኩ።

ዳባት ተመልሼ፣ ስድስቱን አስረክቤ፣ ቡናው በረካ ደረሰ። አንድ ስኒ ልድገም ብዬ ስኒዬን ብዘረጋ አክስቴ ጀበናውን ወደ ራሷ ሳበችው።

«ቡና ሦስት ነው፤ አንተ ማባዛት ትወዳለህ።»