አሁን መጣሁ

የሰረቀውን መኪና መልሶ አምጥቶ ባለቤቷን የሚቆጣ ሌባ በየቀኑ አይገኝም። ቢቨርተን ላይ ግን ተገኝቷል። ከተማዋ ኦሪገን ውስጥ፣ ከፖርትላንድ ጎን ናት። በፈረንጆቹ ጥር 2021 አንዲት እናት የአራት ዓመት ልጇን መኪና ውስጥ እንዳስቀመጠች፣ ሞተሩን ሳታጠፋ፣ በሩንም ሳትቆልፍ ለአንድ አፍታ ግሮሰሪ ገባች። መኪናው ከግሮሰሪው በር በጥቂት እርምጃ ርቀት ላይ ነበር። ሌባ ሆዬ ዘው ብሎ ገባና መሪውን ያዘ። ትንሽ ነድቶ ዞር ሲል ልጅ!

ሰውየው መኪናውን አዙሮ ወደ ግሮሰሪው ተመለሰ። የከተማው ፖሊስ እንደተናገረው፣ ልጅ ብቻውን መኪና ውስጥ ጥሎ መግባት ምን የሚሉት ነው ብሎ እናቲቱን ገሠጻት፤ ፖሊስ እጠራብሻለሁ ብሎም አስፈራራት። ልጇን እንድታወርድ አዘዘ፤ አወረደች። ከዚያ መኪናውን ይዞ ሄደ። ከሰዓታት በኋላ መኪናው ፖርትላንድ ውስጥ ቆሞ ተገኘ፤ መካሪው ግን አብሮ አልነበረም።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው እንዲህ ሲሆን ነው። ሴትየዋ ላይ ለመፍረድ የሚቸኩል ሾፌር ካለ ግን መጀመሪያ የራሱን ኪስ ቢዳብስ አይከፋም። ቁልፉን በእውነት ረስቶ የሚወርድ ሰው ጥቂት ነው። አብዛኛው አውቆ፣ አስቦበት ነው የሚተወው። «አሁን መጣሁ» ይላል ለራሱ። ይህን ሲል እየዋሸ አይደለም፤ ከልቡ አምኖ ነው። ችግሩ ሌባውም እንደዚያው ማመኑ ነው፤ ሰውየው አሁን ስለሚመጣ ቶሎ መሄድ አለበት።

ሐበሻ ሲሆን ደግሞ «አሁን» ትንሽ ይለጠጣል። ኮሎራዶ፣ ኦሮራ ከተማ፣ ሃቫና ጎዳና ላይ ካሉት የሐበሻ ሱቆች በአንዱ ደጃፍ የሚቆም ሾፌር እንውሰድ። ክረምት ነው፤ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ መኪናው ገና አሁን ሞቀ። እንጀራ ይዞ ለመውጣት ሁለት ደቂቃ ይበቃዋል፤ ስለዚህ ሞተሩን አያጠፋም። ሲገባ እንጀራው አልደረሰም። «ጋሼ፣ መንገድ ላይ ነው፤ አሁን ይደርሳል» ይባላል፤ እዚህም «አሁን» አለች። ይህን ጊዜ ከበርበሬው መደርደሪያ በኩል የድሮ ጎረቤት ብቅ ይላል። ሰላምታ ይጀመራል። እናት ደህና ናቸው? ልጆቹስ? ያ ወንድምህ፣ ዳላስ ያለው፣ ሚስት አገባ? ትከሻ ለትከሻ መሳሳሙ ሳያልቅ፣ ጥያቄው ገና አክስት ጋ ሳይደርስ፣ መኪናው አውራ ጎዳና ላይ ሊወጣ ይችላል።

ኦሮራና ጎረቤቷ ዴንቨር ለዚህ ነገር ስም አውጥተውለታል፤ «ፓፊንግ» ይሉታል፣ ከጭስ ማውጫው ቡፍ ቡፍ በሚለው ነጭ ጭስ የተነሳ። ጭሱን ሾፌሩ አያየውም፤ ሱቅ ውስጥ ነው። ሌባው ግን ከሩቅ ያየዋል። የኮሎራዶ ሕግ ሰው የሌለበትን መኪና ሞተሩ እንደተነሳና ቁልፉ እንዳለ ትቶ መሄድን ይከለክላል፤ ስለዚህ መኪናው ሳይሰረቅም ባለቤቱ ሊቀጣ ይችላል። ሕጉ ጨካኝ ይመስላል፤ ግን በ2022 በነፍስ ወከፍ ሲሰላ ብዙ መኪና በመሰረቅ ከአሜሪካ ግዛቶች ሁሉ አንደኛ የነበረችው ኮሎራዶ ናት። በሚቀጥለው ዓመት አንደኝነቱን ዋሽንግተን ዲሲ ተረከበች። የመኪና ሌባ እንጀራ የሚሸጥበትን ሰፈር እየተከተለ የሚዞር ይመስላል።

በነገሩ የአውስትራሊያን ያህል የተጨነቀ መንግሥት ግን ያለ አይመስልም። የዚያ አገር የመንገድ ደንብ ሾፌሩ ከመኪናው ከ3 ሜትር በላይ የሚርቅ ከሆነና ውስጡ ሰው ካልቀረ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ቁልፉን ነቅሎ፣ በሩን እንዲቆልፍ ያዛል። መስኮትስ? ከ2 ሳንቲ ሜትር በላይ ክፍት መሆን የለበትም። ሦስት ሜትር የምትባለው ርቀት ላይ ያለ አንዳች ክርክር አልተደረሰም መቼም። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ሾፌር ፊት ለፊቱ ካለው ኪዮስክ ሶፍት ለመግዛት ሲወርድ ሕጉን በሜትር የሚለካለት ትራፊክ ቢኖር ኖሮ!

አሜሪካኖቹ ምክርም ሞክረዋል፣ ማሽንም ሞክረዋል። ምክሩ «መኪናህን ቆልፍ፣ ቁልፍህን ያዝ፣ ጨዋው ልጅ እንዲበላሽ አትርዳው» የሚል የሕዝብ ማስታወቂያ ነበር። ጥፋቱ ከሌባው ትከሻ ላይ ወርዶ የሾፌሩ ትከሻ ላይ እንዴት እንደተጫነ ልብ ይሏል፤ ሌባው ጨዋ ልጅ ነው፣ አንተ ነህ ያበላሸኸው። ማሽኑ ደግሞ ከ1970 ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለ ደንብ መጣ፤ ቁልፉ ሳይነቀል የሾፌሩ በር ሲከፈት መኪናው ባለቤቱን እንዲያስጠነቅቅ ተደረገ። ጢጢጢ የሚለው ጩኸት የመጣው ከዚያ ነው። ሾፌሩ ግን ሞኝ አይደለም፤ በሁለተኛው ሳምንት ጩኸቱን መስማት ያቆማል።

መስማት ማቆሙ በቁጥር ይታያል። የአሜሪካ የመድን ድርጅቶች ያቋቋሙት ኤንአይሲቢ የተባለው፣ ማጭበርበርንና ስርቆትን የሚከታተል ተቋም በ2014 ቁልፋቸው ተትቶባቸው የተሰረቁትን መኪኖች 46 ሺህ 695 አድርሷቸው ነበር። በ2015 ቁጥሩ 57 ሺህ 96 ሆነ። ይህ እንግዲህ እውነቱን የተናገረውን ሰው ብቻ ሲቆጥሩ ነው።

ቁልፉን ኪሱ ከትቶ፣ በሩን ሁለት ጊዜ ሞክሮ የሄደውም ቢሆን ሁልጊዜ አይተርፍም። ከ2021 ወዲህ በኪያና በሀዩንዳይ ባለቤቶች ላይ የደረሰው የዚህ ማስረጃ ነው። አሜሪካ ውስጥ የተሸጡ ብዙዎቹ ሞዴሎች ሞተሩ ያለ ትክክለኛው ቁልፍ እንዳይነሳ የሚያግድ መሣሪያ አልነበራቸውም፤ ልጆች በስልክ ቻርጀር ገመድ ጫፍ ሲያስነሷቸው በቲክቶክ ታየ። በጎረቤት ካናዳ መሣሪያው ከ2007 ጀምሮ በሕግ ግዴታ ስለነበር እዚያ ገመዱ ስልክ ከመሙላት አልፎ አልሠራም።

አዲስ አበባ ላይ ጨዋታው ሌላ ነው። እዚህ ቁልፍ አይረሳም፣ ይሰጣል። ላቫጆ ሲገባ ለሚያጥበው ልጅ፣ ጋራዥ ሲገባ ለመካኒኩ፣ ጠባብ ግቢ ውስጥ ሲቆም ለዘበኛው፤ «ሰው ከመጣ ትንሽ ገፋ አድርግልኝ» ተብሎ። የልጁን ስም ሳያውቅ መኪናውን የሚያስረክብ ሾፌር፣ ያው ሰው፣ ስፖኪዮው ላይ የታርጋ ቁጥሩን አስቀርጿል፤ የኋላ መብራቱም ላይ እንዲሁ። ለመኪናው ሙሉ እምነት አለው፤ ለስፖኪዮው ግን ማንንም አያምንም። እውነቱን ለመናገር አልተሳሳተም። ስፖኪዮ ታርጋም ሊብሬም የለውም፤ ዛሬ ጠፍቶ ነገ መርካቶ ውስጥ ለራሱ ለባለቤቱ ሊሸጥ ይችላል።

መኪና አለመቆለፍ እንደ ደግነት የሚታይበት አገርም አለ። ካናዳ፣ ማኒቶባ ውስጥ በሃድሰን ባሕረ ሰላጤ ዳር ቸርችል የምትባል ከአንድ ሺህ ሰው በታች የሚኖርባት ከተማ አለች። በየዓመቱ በመጸው ባሕሩ በረዶ እስኪሠራ የሚጠብቁ የዋልታ ድቦች በአካባቢዋ ይንጎራደዳሉ፤ አንዳንዴም ከተማ መሀል ይገባሉ። ስለዚህ ነዋሪው የመኪናውን በር ሳይቆልፍ ይተወዋል፤ ድብ ያጋጠመው እግረኛ ያገኘው መኪና ውስጥ ዘሎ እንዲገባ። ሌባስ? ቸርችልን ከቀረው ካናዳ ጋር የሚያገናኝ የመኪና መንገድ የለም፤ የሚኬደው በባቡር ወይም በአውሮፕላን ነው። ሰርቆ የሚሄድበት ቢጠፋው ባቡር ላይ ሊያስጭነው ነው፤ ለዚያ ደግሞ ደረሰኝ ያስፈልጋል።

ሃቫና ጎዳና ላይ ድብ የለም። እንጀራውን ይዞ የወጣው ሾፌራችን መኪናው የነበረበት ቦታ ላይ ቆሞ መጀመሪያ የሚጠረጥረው ራሱን ነው፤ ምናልባት ወዲያ በኩል አቁሜው ይሆን? ከዚያ ፖሊስ፣ ከፖሊስ በኋላ መድን ድርጅት ጋ ይደውላል። ስልኩን ያነሳችው ልጅ ትሑት ናት፤ አይዞህ ትለዋለች፤ የመኪናውን ዓይነት፣ ቀለሙን፣ ሰዓቱን ትመዘግባለች። አንድ ነገር ብቻ ቀርቷታል፦ ለካሳው ሁለቱንም ቁልፎች ያምጡ።

አንዱ ቤት መሳቢያ ውስጥ አለ። ስለ ሌላው ሲጠየቅ «እየመጣ ነው» ማለት አይችልም።