በሕግ የተፈቀደ ማርፈድ

ሰዓት ማክበር በወጣቶቻችን ላይ ያደረሰው ጉዳት ሳይነገር መቅረቱ ያሳዝናል። በየሥልጠና አዳራሹ የሚመከሩት ሌላ ነው፤ ዕቅድ ያዙ፣ ማለዳ ተነሡ፣ ቀጠሮ አክብሩ። ልጆቹም ያምናሉ። በ2015 ዓ.ም. የተጀመረውን የመውጫ ፈተና በስንት መከራ አልፈው፣ ዲግሪያቸው ገና ላሚኔት ሳይደረግ፣ ሥራ በገቡ በመጀመሪያው ሰኞ ልክ ሁለት ሰዓት ላይ ይገኛሉ። ጉዳቱ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ማስረጃ የሚፈልግ ሰው ማለዳ መርካቶ ወርዶ ጭድ ተራ ላይ ይቁም። (ዛሬ ወደዚያ የሚወርደው ሕዝብ ጭድ ፍለጋ አይደለም፤ ሆኖም ተታለልኩ ብሎ የከሰሰ አልሰማንም።) አዲሱ የሒሳብ ሠራተኛ ሸሚዙን ተኩሶ ከተዘጋ የሱቅ በር ፊት ቆሟል። ቁልፉ ያለው አንድ ሰው ዘንድ ነው። ሲደውልለት «ሰባተኛ ደርሻለሁ» ይባላል። የስልክ ጂኦግራፊ የማያውቅ እዚህ ላይ ይሳሳታል። ሰባተኛ ደርሻለሁ ያለ ሰው ኮካ ነው፤ ኮካ ያለ ጦር ኃይሎች ነው፤ «ወጥቻለሁ» ያለው ደግሞ ካልሲ እየፈለገ ነው። እስከዚያው ኩሊው ጣቃ ተሸክሞ «መንገድ!» እያለ ሁለቴ ገፍቶት አልፏል። ቡና የምታፈላዋ ልጅ ከሰል ላምጣ፣ ዕቃዬን እይልኝ ብላው ሄዳለች። የጎረቤት ነጋዴ ደግሞ «አንተ ልጅ፣ እስቲ ያቺን ካርቶን አቀብለኝ» ብሎታል፤ ካርቶኗ ብቻዋን አልነበረችም። ሦስት ሰዓት ላይ በሩ ሲከፈት ልጁ በደሞዝ መክፈያው ላይ የማይገኝ የአንድ ሰዓት የጉልበት ሥራ ሠርቶ ጨርሷል። በሦስት ሰዓት ከሩብ የመጣው ባልደረባው በበኩሉ ሸሚዙ እንደተተኮሰ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ። ከሁለቱ ጊዜውን በአግባቡ የተጠቀመው ማን እንደሆነ ፍርዱን ለአንባቢ እተዋለሁ።

ነገሩ ሥርዓት አልባ ይመስላል እንጂ አይደለም። ሻጩ በሦስት ሰዓት፣ ሥራ አስኪያጁ በሦስት ተኩል፣ የባለቤቱ ልጅ በአራት፣ ባለቤቱ በአምስት ይመጣል። ማዕረግ የሚለካው ስንት ሰው አስጠብቀህ እንደመጣህ ነው። በሰዓቱ የሚገኘው ዘበኛው ብቻ ሲሆን፣ እሱም እዚያው ስለሚያድር ነው። እንግዲህ ገና ትናንት የተቀጠረ ልጅ ከሁሉም ቀድሞ ሲገኝ፣ ትጋት ያሳየ እየመሰለው ራሱን ከዘበኛው በታች መመደቡ ነው።

የውጭ ምሁራንም ቢሆኑ ከእኛ ጋር ናቸው። እንግሊዛዊው ፓርኪንሰን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1955 ዘ ኢኮኖሚስት ላይ፣ ሥራ የተመደበለትን ጊዜ እስኪሞላ ድረስ ይለጠጣል ብሎ ጽፏል። ይህ ከሆነ ሁለት ሰዓት ዘግይቶ የመጣ ሠራተኛ ሥራውን በሁለት ሰዓት አሳጥሮለታል፤ ሊመሰገን ይገባል። ጣሊያናዊው ፍራንቸስኮ ሲሪሎ ደግሞ ተማሪ ሳለ የቲማቲም ቅርጽ ያላት የወጥ ቤት ሰዓት ሞልቶ 25 ደቂቃ መሥራትን፣ አምስት ደቂቃ ማረፍን ለዓለም አስተማረ። እኛም በዘዴው እንሠራለን፤ ቅደም ተከተሉን ብቻ ገልብጠነዋል።

ዋናው መከራከሪያችን ግን ሕግ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 27 ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ የሚሰናበትባቸውን ጥፋቶች ሲዘረዝር፣ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠው በስድስት ወር ውስጥ ስምንት ጊዜ ያረፈደን ሰው ይጠቅሳል። ስምንት ጊዜ! ሕግ አውጪው ሰባት ማለት አቅቶት አይደለም። በስድስት ወር ሰባት፣ በዓመት አሥራ አራት ማርፈድ በዝምታ ተፈቅዷል፤ ከመጀመሪያው ዓመት 16 የዕረፍት የሥራ ቀናት ጋር ሲደመር ለጀማሪ ክፉ አይደለም። «በጽሑፍ» የሚለውም ቃል ያለ ነገር አልገባም። ጭድ ተራ ላይ ማስጠንቀቂያ የሚሰጠው በአፍ ነው። «ሌሊቱን ምን ስትሠራ ነው የምታድረው?» የሚለው የጋሼ ድምፅ ሦስት ሱቅ አልፎ ይሰማል፤ ሆኖም ጩኸት የቱንም ያህል ርቆ ቢሰማ ጽሑፍ አይደለም። ይጻፍ ቢባልስ ማን ይጽፈዋል? እዚያ ሱቅ ውስጥ ኮምፒውተር ከፍቶ ደብዳቤ የሚጽፍ አንድ ልጅ አለ፤ እሱ ደግሞ ገና አልደረሰም።

ለሐቁ ሲባል አንድ ሳንካ መኖሩን አንሸሽግም። አዋጁ 60 የሥራ ቀናት የሙከራ ጊዜ ይፈቅዳል፤ በዚያ ጊዜ አሠሪው ልጁን ለሥራው አትመጥንም ብሎ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊያሰናብተው ይችላል። እስከዚያው ካርቶን ማቀበል ነው።

ከዚያ በኋላ ግን አጠቃቀሙ ዕቅድ ይፈልጋል፤ የጊዜ አጠቃቀም ትምህርት የሚጠቅመውም ለዚህ ነው። ሰባቱን በአንድ ወር መጨረስ ብኩንነት ነው። ከፋሲካ ማግስት ላለው ሰኞ አንዷን ያዝ። ለሐምሌ ሦስት አስቀምጥ፤ ዝናብ ላይ ታክሲ ቢገኝ እንኳ መርካቶ ውስጥ እግር የሚያስገባ መንገድ አይገኝም፤ ምክንያትህም እውነት ስለሚሆን እንዳይለምድብህ ተጠንቀቅ። ጳጉሜን ላይ አንዲትም እንዳታባክን። ለዚያች ሳምንት የሚከፍልህ የለም፤ ያልተከፈለበት ሰዓት ላይ ደግሞ ማርፈድ አይቻልም።