ሒሳቡን እኔ ነኝ የምከፍለው

ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የጥሬ ገንዘብን ጣጣ ያቃልላል ተብሎ ነበር። አቃልሏል። ትልቁን ውለታ የዋለው ግን ለቋጣሪ ነው።

ድሮ ሒሳብ ሲመጣ እጅ መያያዝ፣ «እናቴ ትሙት!» መባባል ነበር፤ መክፈል ያልፈለገም ቢሆን ቢያንስ ኪሱን እየዳበሰ ማላብ ነበረበት። ዛሬ ስልኩን ወደ ጣሪያው ከፍ፣ ወደ መስኮቱ ጠጋ ያደርጋል። ስክሪኑ ላይ ክቧ ትዞራለች። «ኔትወርክ የለም እኮ!» አስተናጋጇ ቆማ ትጠብቃለች፤ በመጨረሻ ወዳጁ ከፍሎ ይገላገላል። ደግነቱ ታይቷል፣ ብሩም አልተነካም። (ያው ኔትወርክ ወዲያው የቲክቶክ ቪዲዮ ሳይቆራረጥ ሲያወርድለት ማየት ግን ነውር ነው፤ ዞር በሉ።)

ለቅሶም ቀሎናል። በዕድሩ የቴሌግራም ግሩፕ መርዶ ሲለጠፍ «ነፍስ ይማር» ብሎ የሚጽፈው ጥቂቱ ነው፤ ሌላው የምታለቅሰዋን ፊት ነካ አድርጎ ያልፋል። አንዱ ቸኩሎ የምትስቀዋን ነካ። የዕድሩ ዳኛ ቅጣት ሊጥሉበት ደንቡን ከዳር እስከ ዳር ቢያገላብጡ፣ አንቀጽ አጡለት።